ሞተሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ፍሬኑ

ይህ ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች ያደረግኩት ንግግር ነው። በስልክ ተቀድቶ ነበር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ ልጆች።

ጠዋት በበሩ ስገባ ከአጥሩ ሥር የቆመውን ኡራል፣ ያን የሩሲያ የጦር ጭነት መኪና፣ አየሁት። ቀለሙ ጠፍቷል። ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ላይ ተኝተዋል። ካቢናው ውስጥ ርግብ ጎጆ ሠርታለች። ዲናችሁ አብረውኝ ነበሩና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይነሣል እንዴ?» አሉኝ። መነሣቱንስ ይነሣል አልኳቸው። እኔን ያሳሰበኝ ከተነሣ በኋላ ምን ያቆመዋል የሚለው ነው። የዛሬው ወሬያችንም እሱ ነው።

አሮጌ የጦር መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን አውቀዋለሁ። ባትሪ ይገጥማል፣ ማስነሻውን ሞተሪኖ ይመታል። ሞተሩ ጥቁር ጢስ ተፍቶ ሲነሣ ግቢው ሁሉ ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የምሠራው።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ በጨረታ የገዛውን ኡራል አስጎትቶ ጋራዣችን አመጣው። ድንጋይ ሊያመላልስበት ነው የገዛው። ሁለት ቀን ለፍተን ሞተሩን አስነሣነው። ካቢና ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከደስታዬ ብዛት ማርሽ አስገብቼ ጥቂት ወደፊት ላስኬደው አልኩ። ግቢያችን ቁልቁለት ነው። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አብሬ ረገጥኩ። የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ወረደ። ምንም የለም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። እሱም ምንም። ረዳቴ ከፊት ለፊት ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጠኝ ነበር። ዓይኔን አይቶ ነው መሰለኝ ዘሎ ወጣ። መኪናው ግንቡን ንዶ ቆመ። ስምንት ቶን ብረት ነው። ያ ልጅ አንድ እርምጃ ቢዘገይ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ ላነጋግራችሁ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። የሁላችንም አይደለም። የኔ ነው። ፍሬኑን ሳላይ ሞተሩን አስነሣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በኔ ጋራዥ የቆመ የጦር መኪና ሲገባ ባትሪው ተፈትቶ ይቀመጣል። ሞተሩ መጨረሻ ነው።

አሁን ስለ መኪናው ትንሽ ላውራ። ኡራል የሚሠራው በኡራል ተራሮች ሥር ሚያስ በምትባል ከተማ ነው። ፋብሪካው እዚያ የተተከለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1941 ጀርመን ወደ ሞስኮ ሲገሰግስ ከዋና ከተማው የሸሸ የመኪና ፋብሪካ ማሽን ነበር መነሻው። ኡራል 375 በ1961 ወጣ። ቤንዚን የሚጠጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አለው። መጠጣት ስል የምሬን ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ይወስዳል። በ1977 ኡራል 4320 መጣ። እሱ የካማዝ ናፍጣ ሞተር ነው የተገጠመለት፤ 210 የፈረስ ጉልበት። እነዚህ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደኛ አገር የሶቪየት መሣሪያ በብዛት የጎረፈው በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴኑ ጦርነት ነው። አባቶቻችሁ ቢኤም 21 ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ሮኬት ተኳሽ የተጫነው በኡራል 375 ላይ ነው። ለእኔ ሙያውን ያስተማሩኝም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ጋራዥ የገቡ መካኒኮች ናቸው። የዕቃውን ስም ግማሹን በጣሊያንኛ፣ ግማሹን በሩሲያኛ ይጠሩት ነበር። መጽሐፍ አልነበራቸውም። ግን ጨለማ ውስጥ በጣታቸው ዳስሰው ዳዶውን ስንት ቁጥር እንደሆነ ያውቁታል።

ከእነሱ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የጦር መኪናን የሚገድለው መሥራት ሳይሆን መቆም ነው። ገዢዎች ኪሎ ሜትሩን አይተው ይጓጓሉ። «ገና አዲስ ነው፤ አልተነዳም» ይላሉ። እኔ ግን ትንሽ ኪሎ ሜትር ሳይ እፈራለሁ። ያ ማለት ለብዙ ዓመት ቆሟል ማለት ነው። ሲቆም ጎሚኒው፣ ፍሬን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ ይደርቃል። ዘይትና አየር እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ፓራኦሊዮው፣ ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይቱ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። የፍሬን ዘይት ጠባዩ ነው፤ ውሃ ይወዳል። ያ ውሃ በፍሬን ሲሊንደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ብረቱን ይበላል። ከውጭ ምንም አይታይም።

እርጥበቱ የሚጎዳው ብረቱን ብቻ አይደለም። ዓባይ በረሃን አስቡ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። ፍሬኑ ይግላል። ንጹሕ የፍሬን ዘይት ያን ሙቀት ይችለዋል። ውሃ የገባበት ግን ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ላይኛው ኩርባ ላይ ደህና የነበረ ፍሬን አጋማሽ ላይ አይይዝም። ሊማሊሞም ቢሆን ያው ነው። ሹፌሩ «ፍሬን በጠሰ» ይላል። አልበጠሰም። ቀድሞውኑ ውሃ ነበር።

የኡራል ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሌላው የሶቪየት ጭነት መኪና ዚል 131 ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ በአየር ነው። ጋዝ 66 የሚባለው ደግሞ በዘይት ነው። ኡራል ሁለቱን ያገባል። ኮምፕረሰሩ አየር ወደ ጋን ይሞላል። ፔዳሉን ስትረግጡ አየሩ ትልቅ ፒስተን ይገፋል። ያ ፒስተን ደግሞ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ ጎማው ውስጥ ያለውን ሲሊንደር ከፍቶ የፍሬኑን ሸራ ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ከበሮ፣ ከታምቡሩ፣ ጋር ያጣብቃል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት በሽታ ነው ያለበት። የአየር ጌጁ ሙሉ ሆኖ ዘይት ላይኖር ይችላል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ አየር ላይኖር ይችላል። ጌጅ አይቶ ፍሬን አለ ማለት አይቻልም።

ደግነቱ ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ሞተር አያስፈልግም። የጋራዡን ኮምፕረሰር ከመኪናው ጋን ጋር አገናኙት። መጀመሪያ ግን ከጋኖቹ ሥር ያሉትን ማፍሰሻዎች ክፈቱ። ውሃ ይወጣል፤ ይጠበቃል። ከውሃው ጋር ብዙ ዘይት ከወጣ የመኪናው ኮምፕረሰር ፋሻ፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው፤ ጻፉት። ከዚያ አየር ሙሉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ሬዲዮ ዝጉ። ስልክ ዝጉ። የሚያፏጭበትን በሳሙና ውሃ ፈልጉ።

ቀጥሎ ስድስቱንም ታምቡር አውርዱ። ስድስቱንም ነው ያልኩት። ሁለቱን አይቶ የቀሩትም ደህና ናቸው የሚል መካኒክ አለ። እንደዚያ አታድርጉ። ከዝናብ ጎን የቆመው ጎማ ከሌላው ይብሳል። ሲሊንደሩን ስትከፍቱ በጣታችሁ ውስጡን ዳስሱት። ለስላሳ ከሆነ አጥባችሁ አዲስ ጎሚኒ አስገቡ። ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ግን በብርጭቆ ወረቀት አትቀልዱበት። ወይ ይቀየራል፣ ወይ ጎበዝ ቶርኖ የሚሠራ ሰው ጋ ሄዶ ውስጡ እጅጌ ይገባለታል። የጎማ ቱቦዎቹን ደግሞ ሳታመነቱ ቀይሯቸው። አሮጌ ቱቦ ውስጡ ያብጥና ዘይቱን ወደፊት ያሳልፋል፤ ወደኋላ አይመልስም። ፔዳሉን ለቃችሁም አንዱ ጎማ ተይዞ ይቀራል፤ ይግላል፤ ይጨሳል። ብዙ ሰው ሸራውን ይወቅሳል። ጥፋተኛው ቱቦው ነው።

የፍሬን ዘይት አጥታችሁ የሞተር ዘይት የምትጨምሩ እንዳትኖሩ። ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒውን እንደ ዳቦ ያሳብጠዋል። ከዚያ በኋላ መላው መሥመር ይጣላል። ዶት 4 የሚባለው ይበቃል። ጠርሙሱ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ እሱም ውሃ ጠጥቷል።

የእጅ ፍሬኑን ለብቻው ላንሣ። በቤት መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማ ይይዛል። በኡራል ግን ጎማ ላይ አይደለም። ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን፣ ከረዳት ካምቢዮው፣ በሚወጣው ዘንግ ላይ ያለ አንድ ታምቡር ነው። የሚይዘው ጉልበቱን ወደ አክስሉ የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኖውን ነው። ይህ ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛ፣ ከካምቢዮው ፓራኦሊዮ የሚፈስ ዘይት በቀጥታ የእጅ ፍሬኑ ሸራ ላይ ይወርዳል። የዚያን ቀን እኔን የከዳኝ ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ሊጎተት ሲል ካርዳኖው ከተፈታ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማ የለም። እጀታውን እስከ ላይ ብትስቡት መኪናው ነጻ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ከመግባታችሁ በፊት ታኮ፣ ጎማ ሥር የሚወተፈው ሽብልቅ። በፊትም በኋላም ታኮ። ድንጋይ አይደለም፤ ታኮ።

እዚህ ላይ ስለ ቸርኬው፣ ጎማው ስለሚገጠምበት ብረት፣ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የኡራል ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም። አንደኛው ጠርዙ ይፈታል። ጠርዙን የሚይዘው ዙሪያውን የሚገባ፣ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ የብረት ቀለበት ነው። ብዙ አሮጌ የጭነት መኪናም እንዲህ ነው። ጎማው ሲነፋ ያ ቀለበት ቦታው ላይ በትክክል ካልተቀመጠ፣ ወይም ዝገት ከበላው፣ ይፈናጠራል። ሒሳቡን እንሥራ። የኡራል ጎማ ሙሉ ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 3.2 ኪሎ ይገፋል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ብቻ 320 ኪሎ ትገፋለች ማለት ነው። አሁን የጎማውን ጎን ስፋት አስቡት። ቀለበቱ ሲወጣ ሰው ፊት ከቆመ የሚተርፍ ነገር የለም።

ስለዚህ ቸርኬ ከመፍታታችሁ በፊት አየሩ ጨርሶ ይውጣ። «ወጥቷል» ተብሎ አይታመንም። የአየር መስመሩን ፈትታችሁ፣ ቀዳዳው በጭቃ አለመደፈኑን በሽቦ አረጋግጡ። ስትነፉ ጎማው በብረት ጎጆ ውስጥ ይግባ። ጎጆ ከሌለ ወፍራም ሰንሰለት ዙሪያውን ይታሰር፤ ቱቦው ይርዘም፤ እናንተ በጎን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ቀለበቱን በመዶሻ እየመታ የሚነፋ ሰው ካያችሁ ታላቃችሁም ቢሆን እጁን ያዙት። ይቆጣል። ይቆጣ።

ኡራል ከካቢና ሆኖ ጎማ መንፋትና ማስተንፈስ ይችላል። አሸዋ ሲገባ ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል፤ ጎማው ይሰፋል፤ አይሰምጥም። ድንቅ ሥራ ነው። ግን አየሩ የሚያልፈው በሚሽከረከረው አክስል ውስጥ በፓራኦሊዮ በኩል ነው። ፓራኦሊዮው ሲያልቅ አየሩ ይሰረቃል። የሚሰረቀውም ከፍሬኑ ጋን ነው፤ ኮምፕረሰሩ አንድ ስለሆነ። የፍሬኑን አየር የሚጠብቅ ቫልቭ በመሃል አለ፤ እሱ ከተጣበቀ ግን ጠባቂ የለም። ፓራኦሊዮ እስክታገኙ ድረስ እያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፤ ጎማውን እንደማንኛውም መኪና በየጊዜው ንፉ። መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆምም መዝጊያዎቹ ይዘጉ።

አሁን ሞተሩ። ይሄን ስትጠብቁ እንደነበር አውቃለሁ።

የካማዙን ሞተር እወደዋለሁ። ስምንቱም ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ፣ የላይ ክዳን፣ አለው። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ አንዱ ጓርኒሲዮን፣ ቢቃጠል የምታወርዱት አንዱን ቴስታታ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ዛፍ ሥር ሆኖ ይሠራዋል። ግን ኡራል ሁሉ ካማዝ ሞተር የለውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የካማዝ ሞተር ፋብሪካ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ኡራሎች በብዛት ያሮስላቭል በምትባል የሩሲያ ከተማ የሚሠራ ሞተር ነው ያላቸው፤ አፍንጫቸውም ረዘም ይላል። ዕቃ ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የዘይቱን ማፍሰሻ ቡሎን ትንሽ ላሉ። ውሃ ካለ ከዘይቱ በፊት ይወጣል። የናፍጣው ጋን፣ ሰልባቲዮው፣ ይታጠብ፤ የከረመ ናፍጣ ከሥሩ ጭቃ ይሠራል። ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት። ደግሞ የናፍጣ ፓምፑን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡ ያለው የጥርስ ዘንግ እንደልብ መመላለሱን እዩ። ለዓመታት ቆሞ እዚያው ሊጣበቅ ይችላል። ከተጣበቀ ሞተሩ በተነሣ ቅጽበት ናፍጣውን ያለ ልክ ይወስድና እየጮኸ ይሄዳል። ናፍጣ ሞተር ቁልፍ ስላዞራችሁ አይጠፋም። ናፍጣ ወይም አየር ሲያጣ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው የአየር መግቢያው ጋ ወፍራም ጣውላ ይዞ ይቁም። ነገር ከተበላሸ በጣውላው ይደፍነዋል። በእጁ ወይም በጨርቅ አይደለም፤ ጨርቁን ይስበዋል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጥቁር ቢያጨስ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት ካልያዘ መኪናው ሳይሞቅ ይፈላባችኋል። ራዲያተር ከመበተናችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ።

የጢስ መውጫው ላይ ያለውን የሞተር ፍሬንም አትጣሉት። የጢሱ ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ ሲቀየር ቆርጠው የሚጥሉት አሉ። ዓባይ በረሃ ላይ የታምቡሩን ሙቀት የሚቀንስላችሁ እሱና ከባድ ማርሽ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ ትጨነቃላችሁ። አትጨነቁ፤ ቁጥር ማንበብ ልመዱ። የሶቪየት ዕቃ ቁጥር ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የመኪናው ሞዴል ይመጣል፤ 375፣ 4320፣ 740። 740 የካማዝ ሞተሩ ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የክፍሉ ናቸው። 11 የናፍጣ ወይም የቤንዚን መሥመር ነው። 13 ማቀዝቀዣ። 16 ፍሪሲዮን፣ 17 ካምቢዮ፣ 22 ካርዳኖ፣ 34 መሪ፣ 35 ፍሬን፣ 37 ኤሌክትሪክ። 375 ብሎ ጀምሮ 35 ከተከተለው የኡራል 375 የፍሬን ዕቃ ነው። ኡራል 4320 ላይ 375 የሚል ዕቃ ብታገኙ ስሕተት አይደለም፤ ብዙው ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው ነው። 5320 የሚል ካያችሁ ደግሞ ካማዝ ላይ ያለው ያው ዕቃ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የኡራል አለ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «የለም» ትባላላችሁ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ስታሳዩ ግን ከካማዝ ዕቃ መሃል ተፈልጎ ይወጣል።

ሞዲፋይ ስለማድረግም ልንገራችሁ። እኛ አገር ያለ ሞዲፋይ ጋራዥ አይኖርም፤ አልነቅፈውም። የሌላ መኪና ራዲያተር ግጠሙ። ዲናሞውን ቀይሩ። ሰልባቲዮ ራሳችሁ በየዱ። ለመሄድ የሚረዳው ዕቃ ቢበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ሰውየው ይናደዳል፤ በቃ። ለማቆም የሚረዳው ግን ሌላ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ቸርኬ። እነዚህ ላይ ሞዲፋይ የለም። ዕቃው እስኪመጣ ወር ይፍጅ።

አዎ፣ ከኋላ እጅሽን ያወጣሽው። ጮክ በይ። ... ጥያቄዋን ሰማችሁ? «ባለቤቱ ገንዘብ የለኝም፣ ዝም ብለህ አስነሣልኝ ቢለኝስ?» ነው ያለችው። ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እኔ ባለቤቱን ጠርቼ የተፈታውን ሲሊንደር እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ዝገቱን ይየው፤ ይዳስሰው። ከዚያ «ይሄን መኪና የሚነዳው ማነው?» እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወንድሙ ነው፤ ወይ ልጁ ነው። ዝም ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ገንዘብ ይዞ ይመጣል። አልሠራም ያለም አለ። ባትሪውን ሳልገጥም፣ እንደመጣ አስጎትቼ መለስኩለት። የሠራሁበትን አልከፈለኝም። ከፍሎኝ ቢሆንና ከመንገድ ቢወጣ ግን ያን ገንዘብ የት እበላው ነበር?

በሉ ተነሡ። የርግቧን ጎጆ ሳትነኩ፣ ባትሪ ሳጥኑ ውስጥ ባትሪ አለመኖሩን አንድ ሰው ይይልኝ። እናንተ ሦስታችሁ ታኮ አምጡ። እናንተ ማንሻ ክሪክና መደገፊያ ካቫሌቶ። የቀራችሁ ከፊት ለፊቱ ዞር በሉ። ከግራው የፊት ጎማ እንጀምራለን፤ አየሩን ማን ይፈትሻል?